ርዝመት፣ ስፋት፣ ስም

ቅጹ ላይ ሦስት ሳጥን አለ፦ ርዝመት፣ ስፋት፣ ስም፤
ከባሕር ዳር ተነሥቼ መጣሁ፣ በጀልባ፣ በማለዳ፣ ያለ ቁርስም።
በእጄ የመለኪያ ገመድ፣ በኪሴ የቢሮ ካርታ፣
ዘጌን እንደ አረንጓዴ ጡጫ የሚያሳይ ባንድ ገጽታ፤
ይህ ወንዝ እሱ ላይ የለም። ጫካው ላይ የወረቀት እጥፋት
አለ ብቻ፣ ቀጭን መስመር፣ ከወንዝ ይልቅ የሚመስል ጥፋት።

አንሙት ወደቡ ላይ ጠበቀኝ፣ ገጀራውን ታጥቆ፣
“ወንዙን ልታይ ነው?” አለኝ፣ ሳቁን በጋቢው ጠርዝ ደብቆ።
“የትኛውን? የላዩን፣ የመሀሉን ወይስ የታቹን?”
“ስንት ነው?” አልኩት። “አንድ ነው” አለና ቀደመኝ፣ እየገለጠ ሐረጉን።

ወጣን። ዶቅማው ከዋንዛ ተጋጥሞ ሰማዩን በሸፈነበት፣
ፀሐይ እንደ ሳንቲም በቀዳዳ በምትወርድበት፣
ጉሬዛ ነጭ ጭራውን ከቅርንጫፍ ላይ ወርውሮ
ቁልቁል ያየናል እንደ ዳኛ፣ ፍርዱን ለሌላ ቀን ቀጥሮ።

ምንጩ ከአንድ ዋርካ ሥር ነው። ምንጭ ማለት ግን ይከብዳል፤
የረጠበ ድንጋይ ነው፤ እጅህን ስታስጠጋው ይበርዳል።
ጠብታ አለ፤ ይቆጠራል። ዐሥራ አንድ ቆጠርኩ በደቂቃ።
አንሙት ከሥሩ የተደገነች ቅል አነሣና፦ “ጠጣ፣ በቃ፣
መጀመሪያ ሰው ይጠጣል፣ ኋላ ነው የሚለካው።”
ጠጣሁ፤ ብረት ብረት ይላል፤ ጥርሴን እንደ በረዶ ነካው።

እዚህ ስሙ እንጥፍጣፊ ነው፤ ላይ ሰፈር እንዲያ ይሉታል፤
ሁለት መቶ ርምጃ ወርዶ ቄጠማ መሀል ይሄዳል።
ስፋቱ የአንድ ልጅ ዝላይ። “ዘጠና ሳንቲ” ብዬ ጻፍኩ፤
ራሴም ልሞክር ብዬ ዘልዬ እስከ ጉልበቴ ረጠብኩ።

መሀል ሰፈር፣ ዋንዛው ግድም፣ ጠለቅ ብሎ ክብ ይሠራል፤
ልብስ አጣቢዎቹ ዘንድ “የእንጉዳይ” ተብሎ ይጠራል።
“እንጉዳይ ይበቅላል እንዴ?” አልኩ፣ እርሳሴን አሹዬ፤
ውኃው ብቻ ተሰማ። አንዲቱ ቀና አለች፦ “ኧረ ልጅ ናት፣ ጌታዬ።
ሐምሌ ነበር፤ ውኃው አንገት። እናቷ ጋር ልትደርስ ቸኩላ…”
የቀረውን አልተናገረች፤ ጨመቀችው ካጠበችው ነጠላ።

ጥልቀት የሚል ሳጥን ፈለግሁ። ቅጹ ላይ አልነበረም።

ከዚያ ወዲያ፣ ሚያዝያ ነውና፣ ወንዙ ጠፋ፤
አሸዋ፣ የጉንዳን ሠልፍ፣ የደረቀ አረፋ።
“ሞተ?” አልኩ፣ ገመዴን ጠቅልዬ፣ ሥራ ማለቁ ደስ ብሎኝ።
“ተኝቶ ነው” አለ አንሙት፤ “ጎንበስ በል” ብሎ ትከሻዬን ይዞኝ።
ጆሮዬን ድንጋይ ላይ ጣልኩ። መጀመሪያ የራሴ ደም፤
ቀጥሎ ከታች፣ ከሩቅ፣ ሰው እንቅልፍ ውስጥ እንደሚያጉተመትም
የሆነ ነገር። ተነሣሁ። ሁለት መቶ ሰባ ርምጃ
እሱ በታች፣ እኛ በላይ፣ ሄድን ያለ አንድ ማስረጃ።
ከወይራው ሥር፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ካብ ጎን ብቅ ብሎ ወጣ፣
ቀዝቅዞ፣ ጠርቶ፣ ቂሙን መሬት ቀብሮ እንደመጣ።

ታች ደንገሉ ይቀበለዋል። ባለታንኳው ጓዴ ባፉ
“የአምባዛ በር” ነው የሚለው፤ ሰኔ ላይ፣ ኮረፌ ሲመስል ጎርፉ፣
አምባዛው ከጣና ወጥቶ፣ ሆዱን በደለል እየጎተተ፣
እንቁላሉን ሊጥል ሽቅብ ይሄዳል፣ በጨለማ እየዋተተ።
“ለሱ” አለኝ ጓዴ፣ “እዚህ ነው ወንዙ የሚጀምር፤
አንተ ከላይ መጣህ፤ እሱ ግን ከዚህ ነው የሚቆጥር።”

ችካል ልተክል ፈለግሁ፣ ወንዙ ሐይቅ የሚሆንበት፤
አምና ያ ግራር ድረስ ነበር፣ ዘንድሮ ጣና ሸሸበት፤
ጭቃው ችካሌን ዋጠው፣ እምቦጩ ላይ ቀኑ መሸ፤
ገመዴ ረጥቦ፣ ከብዶ፣ ቁጥሩ ሁሉ ተበላሸ።

ባሕር ዳር፣ ቢሮ፣ በማግስቱ። ርዝመት፦ ሁለት ሺህ መቶ ዐርባ
ርምጃ፤ ከዚህ ውስጥ ሁለት መቶ ሰባውን ጆሮዬ ነው ያስገባ።
ስፋት፦ የአንድ ልጅ ዝላይ። ሰርዤ ቁጥር ጻፍኩበት።
ስም… እንጥፍጣፊ፣ የእንጉዳይ፣ የአምባዛ በር፤ ሳጥኑ ጠበበበት።

“ስም የለውም?” ይላል አለቃዬ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ።
“አለው” አልኩ። ጫማዬ ውስጥ ገና ጣቴን ይልስ ነበር፣ ቀስ ብሎ።